ከኦልተን በኋላ

ስልኬ የጮኸው ምድር ቤት ሆኜ አንሶላ ከማሽን ሳወጣ ነው። ጄኔቭ ዳር፣ ኦኔ በሚባለው ሰፈር በምኖርበት ሕንፃ የልብስ ማጠቢያው ክፍል የጋራ ነው፤ የእኔ ተራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እሱ ካመለጠኝ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው። እርጥቡን አንሶላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስልኩን አነሳሁ። ሳምራዊት ናት። ሳምራዊት የማኅበራችን ሊቀመንበር ናት፤ ጄኔቭ የተወለደች፣ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ አማርኛዋ እየተደናቀፈ ልቧ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ልጅ።

"እትዬ ጽጌ፣ መጥፎ ነገር አለ" አለችኝ። "የጋሽ ደምሴ እህት ሞተች። አዲስ አበባ። ትልቋ፣ ያሳደገችው። እሱ ገና አልሰማም። ዘመዶች ለልጁ ነው የደወሉት፣ እሷ ደግሞ ለእኔ። አሁን ቅዳሜ ዙሪክ በዓላችን አለ፤ እሱ ደግሞ የክብር... አንቪቴ..."

"የክብር እንግዳ" አልኳት።

"ቮዋላ! የክብር እንግዳ። ዛሬ እንንገረው ወይስ ቅዳሜ ይለፍ? እኛ ደንቡን አናውቅም። ኮሚቴው በሙሉ 'እትዬ ጽጌ ያሉት ይሁን' ብሏል።"

"ልብሴን ላውጣና እደውልልሻለሁ" ብያት ዘጋሁ።

ልብሴን ግን አላወጣሁም። የማሽኑን በር እንደከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ። የዱቄት ሳሙናና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እኔ ኦኔ አይደለሁም። ሽዋመንዲንገን ነኝ፤ ዙሪክ ዳር ላይ፣ አንድ ዓይነት ሕንፃዎች አንድ ዓይነት ሣር ላይ በተደረደሩበት ሰፈር። ደምሴ ያኔም አሁንም የሚኖረው እዚያ ነው። ከሕንፃው ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ተከራዮች የልጆቻቸውን ልደት የሚያከብሩበት ክፍል ነበር። የማኅበራችን ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከጣሪያው ላይ የልደት ማስጌጫ ወረቀት እንደተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ስንት ንግግር ሰምቻለሁ። ማሽኑ በተሽከረከረ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ማሽኑም ከፍ ያደርጋል። ይሄኔ ጎረቤቲቱ የስዊስ አሮጊት ቅርጫቷን ታቅፋ በሩን ትከፍትና "ሩኤ፣ ቢተ!" ትላለች፤ ዝም በሉ ማለቷ ነው። ጓዶቹ በሙሉ እንደ ተማሪ ዝም ይላሉ። በእነዚያ ዓመታት ያንን ምክር ቤት ዝም ማሰኘት የቻለች ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ሊቀመንበራቸው ሆኜ አልቻልኩም።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው። ዓመቱን አልቆጥርም፤ በዓመተ ምሕረት ይቆጠር ከተባለ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከጄኔቭ ባቡር ጣቢያ ከኮርናቫን ወደ ፓኪ ሰፈር ሲታጠፍ ጥግ ላይ ያለችውን ካፌ አስታውሳለሁ፤ ቡና አንድ ፍራንክ ከምናምን ነበር፤ አንድ ሲኒ አዝዘን ግማሽ ቀን ብንቀመጥባት ባለቤቷ ፊቱን አያጠቁርም። ፕላንፓሌ ሜዳ ላይ በገበያ ቀን ለአንገት የሚሆን የሱፍ ፎጣ በሁለት ፍራንክ፣ ደህና ካፖርት በአሥር ፍራንክ ይገኝ ነበር። አሁን ያ ካፖርት "ቪንቴጅ" ተብሎ መስኮት ውስጥ ተሰቅሏል፤ ዋጋውን አይቼ ስቄያለሁ። ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ በክረምቱ መሐል የቆዳ ጃኬታቸውን ሳይቆልፉ ይሄዳሉ፤ ብርድ የአድኃሪ በሽታ ይመስል። ከአገር ቤት አንድ ካሴት ከመጣ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን እስኪመስል ድረስ እንሰማው ነበር። ቤተሰብ ለማነጋገር ፖስታ ቤት ሄዶ፣ ወረፋ ይዞ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ገብቶ መጮህ ነው። "ደህና ናችሁ?" ስንል "ደህና ነን" ይሉናል። ደህና ያልሆነውን በስልክ የሚናገር የለም። ያን የሚናገር ሰው በማለዳ በራስህ በር ይመጣል።

ማኅበሩን የመሠረትነው በዚያ ሁኔታ ነው። ደንቡን እንድናወጣ የረዱን የአካባቢው የፕሮቴስታንት ቄስ ስለነበሩ ደንቡም እንደ አገሩ ሰው ወጣ፦ ሊቀመንበሩን ጠቅላላ ጉባኤው ለብቻ ይመርጣል፣ ምክር ቤቱን ደግሞ ለብቻ። ሊቀመንበሩ ያልተስማማበትን ውሳኔ "በጠቅላላ ጉባኤ ይታይ" ብሎ መመለስ ይችላል። ሊቀመንበሩን ማውረድ ቢያስፈልግ ደግሞ ምክር ቤቱ የሚወስነው ራሱ ሊቀመንበሩ በተገኘበት ስብሰባ እንጂ ከኋላው አይሆንም። ለሊቀመንበርነት እኔን የመረጡኝ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች፣ የአረጋውያን መጦሪያ የምንሠራው፣ ጥቂት ሽማግሌዎችም ናቸው። ለምክር ቤቱ ግን ከሰባቱ አምስቱ የእነ ደምሴ ሰዎች ሆኑ። እነሱ ድርጅት ነበራቸው። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀውም የቀረበት ነገር የለም። እኛ ወጥ ሠርተን ስንመጣ እነሱ ስም ዝርዝር ሠርተው መጡ። አሸነፉን።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የአውራጃ ገዢ ነበር። ያኔ ታስሮ፣ ታሞ ተፈትቶ፣ አዲስ አበባ እህቴ ቤት ተኝቷል። የገዢ ልጅ መሆኔን እነሱ ከእኔ በላይ ያስታውሱት ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ደምሴ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "አገረ ገዢዋ መጡ! ግብር አዘጋጁ!" ይላል። አራቱ ይስቃሉ። "ዛሬስ ስንት ጋሻ መሬት ሊነጥቁን ነው?" ይላል ሌላው። ደምሴ ገና በመጀመሪያው ቀን አንቺ ብሎኛል፤ እኔም አንተ አልኩት፤ በዚህ በኩል ዕዳ አልነበረብንም።

እንዴት እንደሚሠሩ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ከስብሰባው በፊት ስብሰባ ነበራቸው። እኔ ከጄኔቭ ስደርስ እነሱ ደምሴ ኩሽና ውስጥ ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ተጣልተው፣ ወስነው ወርደዋል። ምድር ቤት የሚሆነው እጅ ማውጣት ብቻ ነው፤ አምስት እጅ ባንድ ገመድ እንደተሳበ ሽቅብ ይወጣል። ሐሳቤን ሳስረዳ ደምሴ ጣሪያውን ያያል። "ጨረስሽ፣ ጓድ ሊቀመንበር?" ይላል። "ጨረስኩ።" "ድምፅ ይሰጥበት።" አለቀ። ሆኖም ሥራ አልሠራንም አልልም። አባዬ አውራጃው ውስጥ ከሚጠሉት ባላባቶች ጋር ስንት ዓመት ሲሠራ አይቻለሁ፤ "ከማይወዱሽ ሰዎች ጋር ስትቀመጪ መጀመሪያ ስለ ልጆቻቸው ጠይቂ" ይለኝ ነበር። ጠየቅኩ። የደምሴ ሚስት ስትወልድ ገንፎ ይዤ ከጄኔቭ ዙሪክ ሄጃለሁ። ከሮም ቄስ አስመጥተን ልጆቹን ክርስትና እናስነሣ ስል አምስት ለሁለት ተሸነፍኩ፤ ውሳኔውን መለስኩት፤ ጉባኤው አጸደቀው። ቄሱ የመጡ ዕለት ሰልፉ መሐል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ደምሴ፣ ልጁን ታቅፎ። "እናቷ ናት የፈለገችው" አለኝ ዓይኑን ሰበር አድርጎ። "እኔ ምን አልኩህ?" አልኩት።

ከምክር ቤቱ አባላት ከእኔ ጋር ጄኔቭ የሚኖረው ካሳሁን ብቻ ነበር። የሰዓት ፋብሪካ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የእነሱ ወገን የሆነ ልጅ። ወደ ዙሪክ አብረን በባቡር እንሄዳለን። ለመንገዱ ሁልጊዜ ድፎ ዳቦ እጋግር ነበር፤ የእኔ ምድጃ ትንሽ ስለሆነ ዳቦውም ትንሽ፣ ግን ጥቁር አዝሙዱ የሚሸት። ባቡሩ ሎዛንን ሲያልፍ ካሳሁን፣ "እመቤቴ፣ የመሬት ላራሹን ድርሻ ስጪኝ እንጂ" ይላል። እቆርስለታለሁ። ስለ እናቱ ያወራል፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አንዲት የፍሪቡርግ ልጅ። በርንን ስናልፍ ሁለተኛውን ቁራሽ ይበላል። ከዙሪክ በፊት ያለችው ኦልተን ስንደርስ ግን ፍርፋሪውን ከጃኬቱ ላይ ያራግፋል፣ ጋዜጣ ያወጣል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ከኦልተን በኋላ አያውቀኝም። ዙሪክ ስንወርድ ከኋላዬ አሥር እርምጃ ያህል ይቀራል። ይኸው ነበር ግንኙነታችን፤ እስከ ኦልተን አገር ሰው፣ ከኦልተን በኋላ ተቃዋሚ። አልጠላሁትም። እንዲያውም በዚያው ባቡር ላይ ዳቦ እያጎረስኩ ሁለት ሦስት ጊዜ ድምፁን አስቀይሬዋለሁ፤ ደምሴ በጣም ተቆጥቶበታል።

የመጨረሻው ጠብ የመጣው ለዛቫንሼ በተባለው የጄኔቭ ሰፈር ባገኘኋት ክፍል ምክንያት ነው። ለዛቫንሼ ያሉት ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ሕንፃዎች ሥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን ፊደል እንዲቆጥሩ አንዲት ክፍል ለምኜ አግኝቼ ነበር። ምንጣፍ አንጥፈን፣ ሰሌዳ ሰቅለን፣ ሃያ የማይሞሉ ልጆች "ሀ ሁ" ሲሉ ከውጭ ቆሜ የሰማሁት ድምፅ ከየትኛውም ዘፈን ይበልጥብኛል። ምክር ቤቱ ማኅበሩን ከነክፍሉ የድርጅቱ ቅርንጫፍ ለማድረግ ወሰነ። መለስኩት። ዳግም ወሰኑ። ዳግም መለስኩት። "አባቷ ፍርድ ይገለብጥ ነበር፣ እሷ ውሳኔ ትገለብጣለች" አለ ደምሴ። እኔ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራሁ። ሴቶቹ እንደሚመጡ ያውቃል፤ ከመጡም እንደሚሸነፍ ያውቃል። ከጉባኤው በፊት እኔን ማውረድ ነበረበት።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ደወለልኝ። በማኅበሩ ዘመን ሁሉ እንደዚያ ባለ ድምፅ አነጋግሮኝ አያውቅም። "እህቴ ጽጌ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ? ነገ እባክሽ እንዳትቀሪ፤ ተነጋግረን የምንግባባ ይመስለኛል" አለኝ። ደስ አለኝ። ሰው ለካ ይለወጣል አልኩ። በማግስቱ የክት ልብሴን አወጣሁ፦ ሮን ወንዝ አጠገብ ካለ መደብር መስኮት ስመኘው ቆይቼ የገዛሁት ቀይ ካፖርት። መቶ ሃያ ፍራንክ፣ ያኔ። ለእኔ ያ የዕብደት ዋጋ ነበር። ቀይ፣ ደማቅ ቀይ፣ ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው። ለዕርቅ ስሄድ አምሬ ልሂድ ብዬ።

ባቡሩ ሎዛንን አለፈ። ዳቦዬን ፈታሁ። ካሳሁን እጁን አልዘረጋም።

"ምነው? ዛሬ የመሬት ላራሹ ቀረ?" አልኩት።

"ጾመኛ ነኝ" አለኝ።

ቅዳሜ ነው፤ የፍስክ ወር። ልጁ ደግሞ እንኳን ሊጾም፣ በስቅለት ቋሊማ ሲበላ ያየሁት ነው። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ሳቅኩ። "ጓድ ካሳሁን ጾመኛ! ይህን ለማዕከላዊ ኮሚቴው ነው የምነግርልህ!" አልኩት። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ካፖርቴን አየና ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ያመመው መሰለኝ። "በል እንግዲህ ስትመለስ ትበላለህ" ብዬ ትልቁን ቁራሽ ለብቻው ጠቀለልኩለት። ኦልተን ሳይደርስ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ምድር ቤት ስገባ ደምሴና ሦስቱ ጓዶቹ ብድግ አሉ። በዚያ ክፍል ተነሥተውልኝ አያውቁም። ደምሴ ራሱ ወንበር ሳበልኝ፣ "አገረ ገዢዋ መጡ" የሚል የለም፣ የሚቀልድ የለም። እኔ ቀለድኩ። ካፖርቴን እያሳየሁ፣ "ዛሬ እንኳ ቀይ ለብሼ የመጣሁት የእናንተን አብዮት ለማክበር ነው" አልኩ። የሳቀ የለም። ግድግዳው ላይ ማሽኑ ይሽከረከራል። ደምሴ ወረቀቱን አነበበ። ጉባኤው የተጠራው ያለ አግባብ ነው አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ በሊቀመንበሯ ላይ እምነት ስለማጣት ድምፅ ይሰጥ አለ። አምስት እጅ ወጣ። የካሳሁን እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ፤ ግን ወጣ። ከሁለቱ የእኛ ሰዎች አንደኛው የጮኸውን ጩኸት አስታውሳለሁ፤ አሮጊቷ እንኳ መጥታ ዝም ልታሰኘው አልቻለችም። እኔ አልጮህኩም። "ለሠራነው ሥራ አመሰግናለሁ" አልኩ። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት፤ አባዬ ከሥልጣኑ ሲነሣ እንዲያ ነበርና። በቀይ ካፖርቴ ወጣሁ። የጠቀለልኩለትን ቁራሽ ካሳሁን ባቡሩ ወንበር ላይ ትቶት ወርዶ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የኦኔ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ ከኋላቸው ሴቶቹ፣ ከሴቶቹ ኋላ ደምሴና ካሳሁን፣ ጥቁር ለብሰው። ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ ብዛት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወለሉ ላይ ወደቅኩ። አባዬ ሞቷል። ደምሴ አለቀሰ። በእውነት አለቀሰ፣ እንባውን አይቻለሁ። ትናንት ከወንበር ያወረደኝ ሰው ዛሬ ክንዴን ይዞ ሲያነሣኝ፣ እኔ፣ የገዢ ልጅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ፖለቲካውን ትታችሁ ለአባቴ መጣችሁልኝ፤ ለካ ሰው አለኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። እጁን ይዤ ነው ያልኩት። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ምስጋና ነው።

ሦስተኛው ቀን አንዷ ለቅሶኛ፣ የዋህ ሴት፣ "ሐሙስ ከሮም ሲደወል እኮ እንዴት ደነገጥን መሰለሽ" አለች። ሐሙስ። አንድ መንገደኛ ሮም አድርሶት፣ ከሮም ለደምሴ ተደውሎለታል፤ እንዲያረዳኝ። እሱም ነገሩን ኩሽናው ውስጥ ለሦስቱ አቅርቦ፣ ለካሳሁንም በስልክ ነግሮ መከረበት። ዓርብ ቢያረዱኝ ሐዘን እቀመጣለሁ፤ ሐዘን ላይ የተቀመጠችን ሴት ደግሞ የሚያወርድ ምክር ቤት የለም፤ ከእኛ መሐል ማንም እንዲያ ዓይነቱን ሰው ቤቱ አያስገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ወንበሩ፣ ከዚያ ለቅሶው። ቅዳሜ ስመለስም የመጡት በእኔው ባቡር ነበር፤ እኔ ፊተኛው ፉርጎ፣ እነሱ የአባቴን መርዶ ይዘው ኋለኛው ፉርጎ። በቀይ ካፖርት ስስቅ፣ ስቀልድ፣ ዳቦ ስቆርስ፣ አባቴ ከተቀበረ ቀን አልፎት ነበር፤ ክፍሉ ሙሉ ሰው ያንን እያወቀ ያየኛል።

ደምሴን ጠራሁት። "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?" አልኩት።

አልካደም። "ስብሰባው ይለፍ ብለን ነው፣ እህቴ" አለኝ። ለእኔ የተጨነቀ ይመስል፣ በለሆሳስ።

ማኅበሩ ቅርንጫፍ ሆነ። ቅርንጫፉ ዓመት ሳይሞላው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የለዛቫንሼዋ ክፍል ተቆለፈች። ፊደል የጀመሩት ልጆች "ሠ" ላይ ቀሩ። ከእነሱ አንዷ የነበረችው የእኔ ልጅ ዛሬ ስታዝን በፈረንሳይኛ ነው የምታዝነው፤ አጠገቧ ሆኜ ምን እንደምላት አጣለሁ። ካሳሁን ከብዙ ዓመት በኋላ ሞተ፤ ቀብሩ ሄጃለሁ፣ አላለቀስኩም። ቀዩን ካፖርት ለማንም አልሰጠሁትም፣ አልጣልኩትምም፤ ቆርጬ የወለል መወልወያ አደረግኩት፤ ጥሩ ሱፍ ስለነበረ ብዙ ጊዜ አገለገለኝ። ደርግ ወደቀ፣ ድርጅታቸውም ተረሳ፣ እነሱም ሸበቱ። ልጆቹ ደግሞ አድገው ማኅበሩን እንደገና አቋቋሙት። የምሥረታውን በዓል ለማክበር መሥራች ሲፈልጉ ያገኙት ማንን ነው? በየስብሰባው የሚናገረውን፣ ፎቶግራፍ ያስቀመጠውን፣ ደምሴን። "ጋሽ ደምሴ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት የጀመሩ" ብለው ወረቀቱ ላይ ጽፈውታል። አይቼ ዝም አልኩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰላምታ ሰጥቼዋለሁ፣ ልጁ ሠርግ ላይ ተገኝቻለሁ። ሰዎች ታርቀናል ብለው ያምናሉ።

አንሶላው ትከሻዬ ላይ ቀዝቅዟል። ለሳምራዊት ደወልኩ።

"ቀብሩ መቼ ነው?" አልኳት።

"ቅዳሜ። ልጇ ከካናዳ እስክትደርስ ነው። በቪዲዮ ያስተላልፉታል፤ ጋሽ ደምሴ ከሰማ ማየት ይችላል።"

"አይ፣ አሁን አትንገሩት" አልኳት። "ይደሰት። በዓሉ ይለፍና እሑድ ማለዳ እናረዳዋለን። ልጁ ስልኩን ትያዝለት። እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።"

"እትዬ፣ እንዴት ደግ ሰው ነዎት" አለችኝ።

ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር በባቡር ሄድኩ። ዳቦ ጋግሬ ነበር፤ ሎዛን ላይ ቆርሼ ሰጠኋቸው። ሳምራዊት አልበላም አለች፤ "አልወርድ ይለኛል፣ እሱን ሳስብ" አለች። አየኋት። ለካ ይህ ነገር ሳይነገር በልጆች ሆድ ያድራል። "ብይ፣ የእኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም አላደረግሽም" አልኳት። እኔ በላሁ።

አዳራሹ አምሯል። ደምሴ በነጭ ሸሚዝ፣ በጠቆረ ጸጉር፣ ቀለም መሆኑ ያስታውቅበታል፣ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጧል። ልጁ "ስልክህን ቻርጅ ላድርግልህ፣ ባባ" ብላ ወስዳበታለች፤ ዓይኖቿ አብጠዋል፣ ጉንፋን ነው ብላለች። ልጆቹ የመሥራችነት ሽልማት ብለው በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ አለበሱት። የገዢዎችን ካባ ሲያቃጥል የኖረ ሰው ካባውን ትከሻው ላይ ሲያመቻች ባያችሁት። ንግግር አደረገ፤ ስለ አንድነት። ከዚያ ከበሮው ተመታ፣ ወጣቶቹ እየጎተቱ ወደ መሐል አወጡት፣ ጨፈረ። ትከሻው አሁንም ይታዘዘዋል። ሰዓቴን አየሁ። አዲስ አበባ ላይ በዚያ ሰዓት አፈር እየተመለሰ ነው። እየጨፈረ ወደ እኔ መጣ፣ እጁን ዘረጋልኝ፦ "አገረ ገዢዬ! የድሮውን እንርሳው፣ ተነሺ እንጂ!"

"እግሬን ያመኛል" አልኩት። "አንተ ጨፍር።" አጨበጨብኩለት። እሱም ጨፈረ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሽዋመንዲንገን ደረስን። ሕንፃው ቀለሙ ተለውጧል፣ የምድር ቤቱ ደረጃ ግን ያው ነው፤ ሳሙና ይሸታል። ከፊት ሽማግሌዎቹን አስቀደምኩ፣ እኔ ከኋላ ቆምኩ። በሩን ሲከፍትና ሲያየን እኔ ያኔ እንደሆንኩት ሆነ። "እትዬ!" ብሎ ጮኸ፤ ሰማኒያ የደረሰ ሰው እህቱን እንደ ሕፃን ሲጠራ ሰማሁ። ካባው ወንበር ላይ ተጥሏል። ከወለሉ ሲያነሡት ከሰው መሐል ለየኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "አንቺም መጣሽልኝ?" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ። "አንቺ? ካንቺ አልጠብቅም ነበር። ለካ ሰው አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ምስጋናውን ተቀበልኩ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነው። እንባውን በነጠላዬ ጠረግኩለት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ለቅሶኛ በዛ ሲል ወጥቼ ባቡር ተሳፈርኩ። ባቡር ላይ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ኦልተንን ሳላይ ተኝቼ ጄኔቭ ላይ ነው የቀሰቀሱኝ።

ያልነገርኩትን ሌላ ሰው እንደሚነግረው አውቅ ነበር። ለቅሶ ቤት የዋህ ሴት አይጠፋም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ምድር ቤት፣ ማሽኑ ገና ሲሽከረከር ስልኬ ጮኸ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?" አለኝ። ሰላም አላለኝም።

"በዓሉ ይለፍ ብለን ነው፣ ወንድሜ" አልኩት።

ስልኩን አልዘጋውም። ትንፋሹ ይሰማኛል። የረሳው መስሎኝ ነበር፤ ያንን ቀን ጨርሶ የረሳው መስሎኝ ነበር። አልረሳም።

"ቀይ ካፖርት ለብሰሽ ነበር" አለኝ።

"አንተ ደግሞ ጨፈርክ" አልኩትና ዘጋሁ። ማሽኑ መሽከርከሩን ጨርሶ ጠራኝ። በሩን ከፍቼ አንሶላዬን አወጣሁ፣ አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዤ ሌላውን ዘረጋሁት፣ ለብቻዬ ቀጥ አድርጌ አጠፍኩት።